850 ኪሎ ደስታ

ባለፈው እትም ስላገለገሉ መኪኖች ሳወራ፣ "በሕይወቴ ከነዳኋቸው ሁሉ የምትናፍቀኝ አንዲት ቀይ ፔዦ 205 ጂቲአይ ናት" ብዬ አንድ መስመር ጣል አድርጌ ነበር። ሳላስበው ነው የጣልኩት። ከዚያ ወዲህ የመጣው ደብዳቤ ግን ስለ ሞተር ዘይት ዓመቱን ሙሉ ከሚደርሰኝ ይበልጣል። ስለዚህ የዛሬው አምድ በሙሉ ለትንንሾቹና ለቀላሎቹ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋቸዋለሁ፤ መኪኖቹም የእነሱ ናቸውና።

ጋሼ፣ ከምርዎት ነው ወይስ ለቀልድ? እኔ ስለ መኪና ሳልም የሚታየኝ ላንድክሩዘር ነው። ትንሽዬ ባለ ሁለት በር ፔዦ ምኗ ይናፈቃል? (ከሲኤምሲ)

ከምሬ ነው ወንድሜ። ላንድክሩዘርም ነድቻለሁ። ወደ ባሌ ልሄድ ከሆነ ሌላ አልመርጥም። ግን ላንድክሩዘር ላይ ትሳፈራለህ፤ ያቺን ቀይ ፔዦ ግን እንደ ጫማ ነበር የማጠልቃት።

1993 ላይ ፍራንክፈርት ነበርኩ። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ሻንጣ እጭናለሁ። ፈረቃዬ ከሌሊቱ አስር ሰዓት ይጀምራል፣ በዚያ ሰዓት ደግሞ እኔ ሰፈር የሚደርስ ባቡር የለም። መኪና የግድ ሆነ። ጓደኞቼ ሁሉ የሚገዙት ናፍጣ መርሴዲስ ነበር፤ እኔም መርሴዲስ ልገዛ ነው የሄድኩት። ሻጩ ሞተሩን አስነስቶ ሊያሳየኝ ቁልፍ ሊያመጣ ገባ። ጎኑ ላይ ይቺ ቆማለች። በሯን ከፈትኩት፤ በሩ ራሱ ሳስቶ የቢስኩት ቆርቆሮ ይመስላል። ውስጧ ምንጣፉ ቀይ ነው። ሰውዬው ቁልፉን ይዞ ሲመለስ እኔ የመርሴዲሱ ሳይሆን የፔዦዋ መሪ ላይ ተቀምጬ አገኘኝ። የ1985 ምርት፣ 1.6 ሊትር ሞተር፣ ዋጋዋ 4800 ማርክ።

ጉልበቷ 105 ፈረስ ነው። 105 ስልህ ሳትስቅ አትቀርም። ክብደቷ ግን 850 ኪሎ ብቻ ነበር።

ሰው ስለ ክብደት ሲያወራ ስለ መነሳት ብቻ ያስባል። ቀላል ነገር ቶሎ ይነሳል፣ ይሄን ሕፃንም ያውቃል። የሚረሳው መቆሙና መታጠፉ ነው። መኪናው ቀላል ሲሆን ፍሬኑ አይቃጠልም፣ ጎማውም ቀጭን ሆኖ ይበቃል (የእኔ ባለ 14 ቸርኬ ነበረች፣ የጎማው ስፋት 185፣ ዛሬ ያንን ለገበያ መኪና ይሉታል)፣ ሱስታውም ድንጋይ መሆን የለበትም፤ ስለዚህ ቆንጠጥ ብላ እየያዘች ወገብህን ሳትሰብር ትሄዳለች። መሪዋን የሚያግዝ ሞተር የለም። ቆማ ስታዞራት ክንድህ ይናገራል። ከ20 በላይ ስትሄድ ግን መንገዱ በቀጥታ እጅህ ውስጥ ይገባል፤ አስፋልቱ መቼ እንደረጠበ፣ ጎማው መቼ ሊለቅ እንደሆነ ከዓይንህ በፊት መዳፍህ ይነግርሃል።

አውቶባን (የጀርመን ፈጣን መንገድ) ላይ ግን ሥቃይ ናት። በአምስተኛ ማርሽ 120 ስትሄድ ሞተሯ 4000 ዙር አካባቢ ይዞራል፤ ሬዲዮ መክፈት ትርፉ ድካም ነው። ከፍራንክፈርት ወጣ ብሎ ታውኑስ የሚባል ተራራማ ቦታ አለ፤ ወደ ፌልድበርግ የሚወጣው መንገድ ጫካ ለጫካ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ጧት ከፈረቃ ስወጣ ቤቴ በስተቀኝ ነው፣ ተራራው በስተግራ። ስንት ጊዜ እንቅልፌን ትቼ ወደ ግራ እንደታጠፍኩ አትጠይቀኝ። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ ተመልሶ ሁለተኛ። ፍጥነት ቆጣሪው 70 ያሳያል፣ እኔ ግን ላብ በላብ ነኝ። ያለኝን 105 ፈረስ አንድ ሳላስቀር ተጠቅሜያለሁ። የዛሬዎቹ ፈጣን መኪኖች ደስታቸው የሚጀምረው መንጃ ፈቃድህን የሚያስነጥቅህ ፍጥነት ላይ ስትደርስ ነው። እሷ ጋ ከሁለተኛ ማርሽ ይጀምራል።

ሐረር ውስጥ ፔዦ 404 ታክሲ ለብዙ ዓመት አሽከርክሬያለሁ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ያቺ የጻፏት 205 የ404 ልጅ ናት? ጂቲአይ ማለትስ ምንድን ነው? (ከሐረር)

ጋሽዬ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ሐረር በር ላይ የተሰለፉትን 404ዎች ያየ ሰው ፔዦን አይንቅም። የእርስዎ መኪና እኮ ተራ መኪና አይደለችም፤ የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፋለች።

ዝምድናቸው ግን የስም ነው። የእርስዎን 404 የሚገፋት የኋላ ጎማዋ ነው። 205 ሞተሯ በአግድም ተጋድሞ የፊት ጎማዋን ነው የሚያሽከረክረው፣ ማለትም ትጎተታለች። ትንሽ ቦታ ውስጥ ሁሉ ነገር ተጠቅጥቋል። ይሄን አቀማመጥ ዝነኛ ያደረገችው የ1959ኙ ሚኒ ናት። በኋላ ጉልበት ሲጨምሩላት ሚኒ ኩፐር ተባለችና የሞንቴ ካርሎን ራሊ በ1964፣ በ1965 እና በ1967 ከትልልቆቹ አፍ ነጠቀች። ኋላዋ እንደ በር የሚከፈት አልነበረም እንጂ የእነዚህ ትንንሽ ፈጣን መኪኖች ሁሉ አያት እሷ ናት።

ጂቲአይ የሚለውን ፊደል በየሰዉ አፍ ያስገባችው ግን ጎልፍ ናት። ቮልስዋገን ውስጥ ጥቂት ሠራተኞች ከመደበኛ ሥራቸው ውጪ ተሰባስበው፣ ያችን የገበያ መኪና ብናፈጥናትስ ብለው የጀመሩት ነገር ነው። 1975 ላይ ፍራንክፈርት የመኪና ትርኢት ላይ ቀረበች፣ 1976 መሸጥ ጀመረች። 1.6 ሊትር፣ 110 ፈረስ፣ 810 ኪሎ ገደማ። የመጨረሻዋ ፊደል ነዳጁ በካርቡሬተር ሳይሆን በኢንጄክሽን እየተረጨ እንደሚገባ ነው የምትናገረው። ኩባንያው 5000 ብንሸጥ ይበቃናል ብሎ ነበር። የመጀመሪያው ትውልድ ብቻ ከ460,000 በላይ ተሸጠ። የማርሹ ዘንግ ጫፍ ላይ የጎልፍ ኳስ ተሰክቷል፣ ወንበሩ የስኮትላንድ ሸማ የመሰለ ባለ መስመር ጨርቅ ነው፣ ፊቷ ዙሪያ ቀይ መስመር አለ። በቃ፣ ሌላ ጌጥ የላትም። የእኔ 205 በ1984 መጣች፣ ከዚያ 1.9 ሊትርና 130 ፈረስ ያላት እህቷ ተከተለች። ሰው ሁሉ 1.9ኙን ይመርጣል። እኔ 1.6ቷ ናት የምትሻል ባይ ነኝ፤ ሞተሯ በከፍተኛ ዙር መሮጥ ይወዳል። ይሄን ፈረንሳዮች ፊት ብናገረው ግማሹ ያጨበጭብልኛል፣ ግማሹ ያባርረኛል።

205 ጂቲአይ ሰው ትጥላለች፣ ኩርባ ላይ ጅራቷ ይወጣል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው? (ከአዳማ)

እውነት ነው። ምስክሩም እኔ ነኝ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ኩርባ መሃል ገብተህ፣ ፈጥኛለሁ ብለህ ደንግጠህ እግርህን ከነዳጅ ብታነሳ፣ የመኪናዋ ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል። ፊቷ መሬት ይቧጥጣል፣ ኋላዋ ይቀላል። ከመጀመሪያውም ኋላዋ ቀላል ነው፣ የረባ ነገር የለበትም። ስለዚህ ጅራቷ ወደ ውጪ ይወጣና ትዞራለች። የሚያውቅ ሰው ይሄንኑ ለመታጠፊያ ይጠቀምበታል። የማያውቅ ሰው ደግሞ አጥር ውስጥ ይገኛል። ዘዴው አለመደንገጥ ነው፤ ከኩርባው በፊት ፍሬን ይዘህ ጨርሰህ፣ ኩርባው ውስጥ ነዳጁን ትንሽ ሰጥተህ ማቆየት።

ይሄን የተማርኩት በአንድ የገና በዓል ነው። ጓደኛችን ቤት ተራራው ማዶ ነበር የተጠራነው። አንዱ ጓደኛዬ ከኋላ ተቀምጦ የዶሮ ወጥ ድስት ጭኑ ላይ አቅፏል፤ ባለቤቱ ሌሊቱን ሙሉ የሠራችው ነው። መንገዱ እርጥብ ነው፣ ውርጭም ሳይኖረው አይቀርም። ቁልቁለቱን ስንወርድ አንድ ኩርባ ካሰብኩት በላይ ጠበቀብኝ። እግሬን አነሳሁ። መጀመሪያ ጫካው አለፈ፣ ቀጥሎ የመጣንበት መንገድ አለፈ፣ ከዚያ እንደገና ጫካው መጣ። ስንቆም ፊታችን ወደ መጣንበት ነበር። ማንም አልተነካም፣ መኪናዋም አልተጫረችም። ጸጥ አልን። ከኋላ ጓደኛዬ በጣም በቀስታ "አስራ ሁለቱ ብልት አሁን አስራ አንድ ነው" አለ። አንዱ እንቁላልም ወንበር ሥር ተንከባሎ ገብቶ ያገኘሁት በጾሙ ነው። ምንጣፉ ቀይ ስለሆነ ወጡ አልታየም። ሽታው ግን እስከ ፋሲካ አልለቀቀም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ናፍቆት ዓይን ይጋርዳል። ያቺ መኪና ኤርባግ የላትም፣ ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገውም ነገር አልነበራትም። ያን ቀን ከፊት ለፊት መኪና ቢመጣ ይሄን አምድ ሌላ ሰው ነበር የሚጽፈው። የዛሬው ጎልፍ ጂቲአይ ከ1400 ኪሎ በላይ የሆነው ዝም ብሎ ጠግቦ አይደለም፤ አብዛኛው ሰው ለማትረፍ የተጨመረ ነው። ልጄ መኪና ልግዛ ቢለኝ አዲሱን ነው የምገዛለት። እኔ ግን አሮጌዋን።

እኔም ታሪክ አለኝ! ሽቱትጋርት ተማሪ እያለሁ ጥቁር ሬኖ 5 ጂቲ ቱርቦ ነበረችኝ። ጧት ባንድ ሙከራ ነው የምትነሳው። አውቶባን ላይ ነድቼ ነዳጅ ቀድቼ ስመለስ ግን አልነሳም ትላለች። ሃያ ደቂቃ ቡና ጠጥቼ ስመጣ ምንም እንዳልተፈጠረ ትነሳለች። እስካሁን ምክንያቱን አላወቅኩም። ምን ነበር የሆነችው? (ከሽቱትጋርት)

እህቴ፣ አንቺ ብቻ አይደለሽም። በዚያን ጊዜ ነዳጅ ማደያ ቆሞ ቡና የሚጠጣ የሬኖ 5 ቱርቦ ባለቤት ብዙ ነበር።

መኪናሽ 1.4 ሊትር ብቻ ናት፣ ግን ቱርቦ ተጨምሮባት 115፣ በኋላ 120 ፈረስ ደርሳለች። ችግሩ ቱርቦው በካርቡሬተር ላይ መሆኑ ነው። ቱርቦ ማለት በጭስ የሚዞር ነገር ነው፣ እንደ ፍም ይግላል። ስትነጂ ንፋስ አለ፣ የሚገባውም ነዳጅ ቀዝቃዛ ነው። ሞተር ስታጠፊ ግን ንፋሱ ይቆማል፣ ግለቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን እንደ ሻይ ይፈላል። ፈልቶ ተን ሲሆን ሞተሩ ያንን ይዞ መነሳት አይችልም። ፋብሪካውም ያውቅ ነበር፤ ካጠፋሽ በኋላ የሚዞር ማቀዝቀዣ ፋን አድርጎላታል። ያ ፋን ሲበላሽ ማንም አይጠግነውም ነበር፣ የሚጮኸው ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ስለሌለ። ያንቺም ሳይሞት አልቀረም።

በነገራችን ላይ ጥቁር መግዛትሽ ጥሩ ነው። ነጩ ቶሎ ነበር የሚሰረቀው እየተባለ ይወራ ነበር፣ ወሬ ነው፣ ግን እኔ ያየኋቸው የተሰረቁ ሁሉ ነጭ ነበሩ።

የ2001 ቪትዝ አለችኝ። እንደ ሆት ሀች ላደርጋት እፈልጋለሁ። ትልቅ ቸርኬ፣ የሚጮህ ማርሚታ፣ ኋላዋ ላይ ክንፍ። ከየት ልጀምር? እንጦጦን ስትወጣ ደግሞ ነፍሷ ይወጣል። (ከሽሮሜዳ)

ካለመጀመር ጀምር።

አትቆጣኝ። ሆት ሀች የሚሏቸው እነዚህኑ ኋላቸው የሚከፈት ትንንሽ መኪኖች ጉልበት ሲሰጣቸው ነው፣ ያንተም ዘር እዚያው ነው። የማታውቀው ነገር ልንገርህ፦ ቪትዝህ 850 ኪሎ ገደማ ናት። የእኔን ፔዦ ክብደት ማለት ነው! አውሮፓ ውስጥ ያሪስ ተብላ የ2000 የዓመቱ መኪና ተብላለች፣ 1.5 ሊትርና 106 ፈረስ ያላት ዓይነትም ተሠርታላታለች። እጅህ ላይ ያለው ግማሹ ነገር ጥሩ ነው። የጎደለህ ጉልበቱ ብቻ ነው፤ ያንተ 1.0 ሊትር ሞተር 70 ፈረስ አካባቢ ነው።

እሱም በወረቀት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2400 ሜትር ያህል ከፍ ብላለች፣ አየሩ ሩብ ያህል ይሳሳል። ሞተር አየር ነው የሚበላው። እንጦጦ ላይ ስትደርስ 70ው ፈረስ 50 ቢቀር ነው። ነፍሷ የሚወጣው ታማ አይደለም፣ አየር አጥሯት ነው። አንተም ሮጠህ ብትወጣ ያው ነህ። (ቱርቦ ያላቸው መኪኖች እዚህ አገር የሚኮሩት አየሩን ጨምቀው ስለሚያስገቡ ነው።)

ትልቅ ቸርኬ ማለት ጎማው ላይ ክብደት መጨመር ነው። ክንፍ ክብደት ነው። የሚጮህ ማርሚታ የሚጨምርልህ ትራፊክ ፖሊስ ነው። ገንዘቡን ከያዝክ አራት ጥሩ ጎማ ግዛ፣ በመጠኑ፣ የታወቀ፣ አዲስ። ከዚያ ሾክ አብዞርበሮቹን አስቀይር፣ ሃያ ዓመት በኮብልስቶን የተደበደበ ነገር ነው ያለህ። ካንዴላና የአየር ማጣሪያ ለውጥ። ኋላዋን ክፈትና ውስጡ ያለውን አውጣ፤ እርግጠኛ ነኝ አንድ ጀሪካን ውሃ፣ የተበላሸ ባትሪና የአክስትህ የጤፍ ከረጢት አለ። 40 ኪሎ በነጻ ቀነስክ። በእሑድ ጧት፣ መንገዱ ባዶ ሲሆን፣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ አድርገህ እስኪጮህ ድረስ ጎትታት። ከዚያ ጻፍልኝ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። አንድ የ1983 ራቢት ጂቲአይ ለሽያጭ አየሁ። ልግዛ? በኋላ አዲስ አበባ ልወስዳት ይቻላል? (ከሜሪላንድ)

የመጀመሪያው፣ አዎ። የመጀመሪያው ጎልፍ እናንተ ጋ ራቢት ነበር የሚባለው፣ ጂቲአይዋ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ነው የተሠራችው፣ 1.8 ሊትርና 90 ፈረስ ናት። ፔዦ 205ን እዚያ ፈልገህ አታገኝም፣ አሜሪካ ውስጥ ተሸጣ አታውቅም። 25 ዓመት ያለፈው መኪና ከውጭ ማስገባት ስለሚፈቀድ ግን ከአውሮፓ የሚያመጡ አሉ።

ራቢቷን ስታይ የነዳጅ መሙያውን ክዳን ክፈትና አንገቱን ውስጡን በባትሪ እይ። ይዝጋል። ዝገቱ ታንከሩ ውስጥ ይወርድና ኢንጄክሽኑን ይደፍናል፣ ከዚያ ኪስህን ይደፍናል። ወለሉንም ምንጣፉን ገልጠህ እይ። ቺንጊያው መቼ እንደተቀየረ ጠይቅ፣ "በቅርቡ" ካለህ አልተቀየረም ማለት ነው።

ሁለተኛው፣ አይቻልም። ከ2024 ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል፣ የሚገባው ኤሌክትሪክ ነው። እዚያው ንዳት። እኔ ስመጣ ቁልፉን ታቀብለኛለህ።

ታዲያ ለምን ሸጧት? (ሦስት ሰው ነው የጠየቀኝ፣ ሦስቱም በዚሁ ቃል)

1999 ላይ ሁለተኛ ልጅ ተወለደ። ባለ ሁለት በር መኪና ውስጥ ሁለት የሕፃን ወንበር አስገብተህ፣ ዝናብ ላይ ጎንበስ ብለህ ስታስር የምትሆነውን የሆነ ያውቀዋል። ባለቤቴ ምንም አላለችም። አንድ ቀን ብቻ በሩን ከፍታ ትንሽ ቆማ አየችኝ። በቃ፣ ገባኝ።

የኋላ ጎማዎቿም ታመው ነበር። መጀመሪያ የወሰድኩበት ጋራዥ ጎማ ቀይር አለኝ፣ ቀየርኩ፣ በስድስት ወር እንደገና ውስጥ ውስጡን ተበላ። በኋላ ሌላ መካኒክ ከኋላዋ ቁጢጥ ብሎ አየና ሳቀ። ሁለቱ ጎማዎች ከላይ ወደ ውስጥ ዘንበል ብለዋል፣ እግሯን ከፍታ የቆመች ፍየል ትመስላለች። የኋላውን ዘንግ የያዙት ኩሽኔታዎች አልቀው ነበር። የዚህ ሞዴል የታወቀ በሽታ ነው፣ ማሠሪያው ደግሞ ከመኪናዋ ዋጋ ግማሹን ይጠጋል።

የገዛኝ የሃያ ዓመት ልጅ ነው። ችግሩን ነገርኩት፣ ዋጋውንም ቀነስኩለት። በሩን ሲከፍት ፊቱን አየሁት፣ የእኔ ፊት ነው፣ የመርሴዲሱ ቀን። ገንዘቡን ቆጠረ፣ ሊብሬውን ሰጠሁት። "ሁለተኛ ቁልፍ አላት?" አለኝ። ጠፍቷል አልኩት። ዋሸሁ። እዚህ የምጽፍበት ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው።